6ኛ ፎቅ ላይ እሳት ቢነሳ ውሃው በምን ይደርሳል? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ነዋሪ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን እኛ ሕንፃ ላይ የደረሰው ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፈው። ሕንፃችን ከዚራ ያለ ጂ ፕላስ 6 ነው። ታች ሱቆች፣ ከላይ መኖሪያ። ባለፈው ሳምንት 5ኛ ፎቅ አንድ ቤት ውስጥ ከኤሌክትሪክ እሳት ተነሳ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እሳት አደጋዎቹም ቶሎ ደርሰዋል። ጉዱ የመጣው ከደረሱ በኋላ ነው።

መግቢያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ቀይ የተቀባች የብረት ሳጥን አለች። ስንት ዓመት ሳልፍባት የቆጣሪ ሳጥን ትመስለኝ ነበር። ለካ የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚገፋባት አፍ ናት። ከእሷ ተነስቶ በደረጃው በኩል እስከ ላይ የሚወጣ ባዶ ቧንቧ አለ። አንዱ የእሳት አደጋ ልጅ ሳጥኑን ሲከፍት የአፉ ክዳን የለም። ነሐስ ስለሆነ አንዱ ፈትቶ ለቁራሌው ሸጦት ይሆናል። ውስጡ ደግሞ ገራባና የጫት ፌስታል ታጭቆበታል። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ እየጎተተ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ፌስታል ይወጣል፣ ሌላ ይከተላል። ላይ ደግሞ ሰው ይጮሃል።

እንደምንም አጽድተው ገጠሙና ውሃ ለቀቁ። 2ኛ ፎቅ ያለው መክፈቻ ለካ ክፍት ነው። ውሃው በሙሉ እዚያ ፈስሶ በደረጃው ወርዶ ሱቆቹ ውስጥ ገባ። 5ኛ ፎቅ ጠብታ አልደረሰም። በመጨረሻ ቱቦ በትከሻ ተሸክመው በደረጃ ወጥተው አጠፉት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ባዶ ቧንቧ ደህና ቢሆን ኖሮ ውሃው በእውነት 6ኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ጣሪያ ላይ ባለ 5000 ሊትር ሮቶ አለን። ለምን በእሱ አናጠፋም? ውሃው እዚያው አናታችን ላይ ነው እኮ። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ይንገረኝ። የነዋሪ ኮሚቴ አለን፣ ማስተካከል እንፈልጋለን።

ደቻቱ ማዶ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3:05

አቦ እንኳን ሰው ተረፈ። እኔ ግን ነገሩን አታክብዱት ነው የምለው። ከሮቶው ቧንቧ አውርዳችሁ በየፎቁ መክፈቻና ቱቦ አድርጉ፣ አለቀ። ውሃ ወደ ታች መውረድ አያቅተውም። ከዚያ በላይ ከሆነ መሰላል ያለው መኪና መጥቶ በመስኮት ይረጨዋል።

ሳኒተሪ ሠሪው | እሁድ፣ ከምሽቱ 3:50

ደቻቱ ማዶ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንዳንተ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ቆሞ ከ6ኛው ፎቅ መክፈቻ በላይ ቢበዛ 4 ወይም 5 ሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ የሚገኘው ግፊት ግማሽ ባር ቢሆን ነው። ምድር ቤት ስትደርስ ግን ከ2 ባር በላይ ይሆናል። ይህን ሻወር ቤት ውስጥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታች ያለው ሰው ውሃው ይገርፈዋል፣ ላይ ያለው ይንጠባጠብበታል። ለእሳትም ያው ነው። ሮቶ በጣም የሚደክመው በጣም የምትፈልገው ቦታ ላይ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚጠቀለለው ቀጭን ቱቦ፣ ሆዝ ሪል የምንለው፣ ጥቂት ሜትር እንዲረጭ እንኳ ወደ 2 ባር ይፈልጋል። ስለዚህ ለላይኛው ፎቅ ፓምፕ የግድ ነው። ፓምፑ ደግሞ የሚበላው መብራት ነው። እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ። ፓምፑም አብሮ ይሞታል። ለእሳት የተመደበ ፓምፕ መስመሩ ከዋናው ማጥፊያ በፊት ተለይቶ መውጣት አለበት፣ ካልሆነም በናፍጣ የሚሠራ ይሁን። ድሬ ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚሄድ መቼም ለእናንተ አልነግርም።

ሌላም አለ። 5000 ሊትር ያላችሁት ሮቶው ሲሞላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማታ ማታ ግማሽ እንኳ አይኖረውም። ለእሳት ውሃ ማስቀረት ከፈለጋችሁ ለቤት የሚሄደውን ቧንቧ ከሮቶው ወገብ ላይ አውጡት፣ ለእሳት የሚሄደውን ከታች። ያኔ ነዋሪው ግማሹን ሲጨርስ ውሃ ሄደ ይላል፣ የታችኛው ግማሽ ግን ሁሌም አለ። ብዙ ወጪ የለውም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ደቻቱ ማዶ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:02

እሺ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሻወሩ ነገር እውነት ነው ወላሂ፣ እኛ ቤት ሁሌ የሚያጣላን እሱ ነው።

የድሮ ቱቦ ያዥ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ትንሽ ልጨምር።

የከዚራው ልጅ፣ ያ ባዶ ቧንቧ ደረቅ ራይዘር ይባላል። ደህና ከሆነ ውሃው 6ኛ ፎቅ በደንብ ይደርሳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 6ኛ ፎቅ ከመሬት 20 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለከፍታው 2 ባር ይሄዳል። ላይ ኖዝሉ (የቱቦው ጫፍ መርጫ) ላይ 6 ባር ብትፈልግ፣ ለመጨረሻው 20 ሜትር ቱቦ ደግሞ 1 ባር ብትመድብ፣ ድምሩ 9 ነው። የተለመደ የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ 10 ባር ይሰጣል። ይበቃል ማለት ነው። ቧንቧው ባለ 100 ሚሊሜትር ከሆነ እስከ ላይ ለመሙላት 160 ሊትር ያህል ነው የሚወስደው። ፓምፑ ከአንድ ደቂቃ በታች ይሞላዋል።

ቧንቧው ከሌለ ወይም ካልሠራ ደረጃ ትወጣለህ። ሰው የማያስተውለው ድካም እዚህ ነው። በደረጃው መሃል ከላይ እስከ ታች ክፍተት ካለ፣ ቱቦውን በክፍተቱ ቀጥ አድርገህ በገመድ ትስበዋለህ። አንድ ባለ 20 ሜትር ቱቦ 5 ወይም 6 ፎቅ ይወጣል። ክፍተት ከሌለ ግን ቱቦው ደረጃውን እየዞረ ለእያንዳንዱ ፎቅ 12፣ አንዳንዴም 15 ሜትር ይበላል። ለ6ኛ ፎቅ ከ70 ሜትር በላይ ነው። ከመኪናው እስከ ደረጃው ሲጨመር ወደ 90 ሜትር ይጠጋል።

አሁን ውፍረቱን ተመልከት። በደቂቃ 400 ሊትር ስትልክ 45 ሚሊሜትር ቱቦ በ20 ሜትር ውስጥ 0.8 ባር ያህል ይበላል። 65 ሚሊሜትሩ የሚበላው 0.12 ብቻ ነው። ውፍረቱ ትንሽ ሲጨምር ልዩነቱ 6 እጥፍ ነው የሚሆነው። 90ውን ሜትር በሙሉ በቀጭኑ ብትዘረጋ ለቱቦው ብቻ 3.6 ባር፣ ለከፍታው 2፣ ለኖዝሉ 6። 11.6 መጣ። ፓምፑ አይችለውም፣ ላይ ያለው ልጅ እጁ ላይ ደካማ ውሃ ይዞ እሳት ፊት ይቆማል። በወፍራሙ ወጥተህ የመጨረሻዋን ብቻ በቀጭኑ ብታደርግ ግን 9 ባር ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ወፍራሙ ይከብዳል ብሎ በቀጭን የሚወጣ ሰው ላይ ሲደርስ ይቆጨዋል። አይቻለሁ።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። ወፍራሙ ቱቦ ሲሞላ በ20 ሜትር ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ 66 ኪሎ ነው። በደረጃው መሃል ተንጠልጥሎ ማያያዣው ላይ ብቻ እንዲሰቀል አይተውም። ውሃ ከመግባቱ በፊት ከደረጃው ብረት ጋር በገመድ ወይም በቀበቶ ይታሰራል። ካልታሰረ ክብደቱ ቱቦውን መልሶ ወደ ታች ይጎትተዋል።

መሰላሉን በተመለከተ ደቻቱ ማዶ ልክ ነህ፣ ይጠቅማል። ግን ከዚራን አስበው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ግን ከግራና ከቀኝ ተቃቅፏል፣ የመብራት ሽቦም አለ። መሰላሉን ለመዘርጋት ቦታ ታጣለህ። ከመሬት ሆነህ ብትረጭ ደግሞ ከ3ኛ ፎቅ በላይ ውሃው በመስኮት ገብቶ ኮርኒስ ነው የሚመታው፣ እሳቱ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ውስጥ ሰው ካለ በውጭ መርጨት እንፋሎቱንና ጭሱን ሰዎቹ ላይ ሊገፋባቸው ይችላል። ውስጥ ገብተን በደረጃ የምንወጣው ለዚህ ነው።

የሳቢያን እናት | ሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ 4ኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷ አይሠራም። እሳት አደጋዎች እሳት ካለበት ፎቅ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው ቱቦ የሚገጥሙት ሲባል ሰምቼ ነበር። ለምን ቀጥታ እዚያው አይገጥሙም? ጊዜ መግደል አይሆንም?

የድሮ ቱቦ ያዥ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:10

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መክፈቻውን እሳቱ ባለበት ፎቅ ላይ ብትገጥሚ ጭስ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትገጥሚው። ማያያዣው እምቢ ቢል፣ ቱቦው ቢቀደድ፣ የምትሸሺበት የለሽም። አንድ ፎቅ ዝቅ ብለሽ ከገጠምሽ በንጹሕ አየር ትሠሪያለሽ፣ ቱቦውን አስተካክለሽ ውሃ ሞልተሽ ትወጫለሽ፣ ጭሱ ቢያይል ደግሞ ቱቦውን በእጅሽ እየዳሰስሽ ወደ ንጹሕ ቦታ ትመለሻለሽ። የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለ እናትሽ ልንገርሽ። እሳቱ የሌላ ቤት ከሆነና ደረጃው በጭስ ከተሞላ፣ ጉልበቷ የማይሠራ ሰው ቤቷ በር ዘግታ መቀመጥ ይሻላታል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ፎጣ ትድፈነው፣ በመስኮት በኩል እዚህ ነኝ ትበል። እሳቱ የራሷ ቤት ከሆነ ግን ጎረቤት ተሸክሞ ያውጣትና በሩን ከኋላው ይዝጋ። ክፍት የቀረ በር ደረጃውን የጭስ ማውጫ ያደርገዋል። ጎረቤቶቿ ይህን ዛሬ ይወቁት። ቀደም ብሎ ስሟና የቤት ቁጥሯ ለጥበቃው ይሰጠው።

ልጅ ጀጎል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ከሐረር ነኝ። የእናንተ ወሬ ወደ ላይ ነው፣ የኛ ጭንቀት ወደ ጎን ነው። ጀጎል ውስጥ ቤቱ አጭር ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ብዙው መንገድ መኪና አያስገባም። እሳት ቢነሳ መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ቱቦ 200 ሜትር በእግር መዘርጋት ሊኖር ነው። ጋሼ ያቺ ሒሳብ ለኛም ትሠራለች?

የድሮ ቱቦ ያዥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

በደንብ ትሠራለች እንጂ። 200 ሜትር በቀጭኑ ብትዘረጋ 10 ቱቦ ነው፣ 8 ባር በመንገድ ላይ ያልቃል። ከፓምፑ 10 ባር ውስጥ ለእሳቱ 2 ቀረህ። በወፍራሙ ብትዘረጋ 1.2 ባር ብቻ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ወፍራሙን እስከ ቤቱ አቅራቢያ ወስደህ እዚያ ማከፋፈያ ትገጥማለህ፣ ከማከፋፈያው ሁለት ቀጭን ታወጣለህ። መንገዱ ዳገት ከሆነ ዳገቱንም ቁጠረው፣ ጀጎል ሜዳ አይደለም። ከዚያ በላይ ከራቀ ሁለት ሰው የሚሸከማት ትንሽ ሞተር ፓምፕ መሃል ላይ ተቀምጣ ውሃውን እየተቀበለች ትገፋለች። ቅብብሎሽ ነው።

ደግሞ የሐረር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃችሁ ከድሬ በኩል በፓምፕ ነው የሚመጣው አይደል? ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ያን ሁሉ ዳገት አንድ ፓምፕ አይገፋውም፣ በየጣቢያው እየተቀባበሉ ነው። የእሳት ውሃም ያው ነው።

ልጅ ጀጎል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

አላህ ይስጥልኝ። ይህን ለሰፈራችን ልጆች አነባለሁ። ውሃው ራሱ በፈረቃ መሆኑ ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። ቦቴው ስንት ደቂቃ ይቆያል?

የድሮ ቱቦ ያዥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

5000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 400 ሊትር ሲረጭ 12 ደቂቃ ተኩል። ከዚያ ሌላ ውሃ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው መኪና ሲወጣ ሁለተኛው ቦቴ አብሮ መውጣት አለበት። የመስጊድ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የሆቴል የምድር ታንከር የት እንዳለ፣ መኪና ቀርቦ ቱቦ ማስገባት ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ ዝርዝሩን ያዙ።

ሳኒተሪ ሠሪው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያንን ነጭ ድንጋይ እንዴት እንደሚጋግር ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ ውሃ በሞላበት ቧንቧ ላይ ያለ ቫልቭ ለዓመታት ካልተነካ በዚያው ድንጋይ ይያዛል። በችግር ቀን በፒንሳ ብትታገሉት እጀታው ይሰበራል እንጂ አይዞርም። ከፓምፕ ጋር የተያያዘውን መስመር ቫልቭ በየወሩ ከፍታችሁ ዝጉት። ደረቁ ቧንቧ ከዚህ ነፃ ነው፣ የእሱ ጠላት ዝገትና ፌስታል ነው።

ሌላው ማያያዣው ነው። የእሳት አደጋ መኪናዎች ከተለያየ አገር ነው የሚመጡት፣ ማያያዣቸውም ይለያያል። አንዱ ጥርስ ያለው ነው፣ አንዱ ተገፍቶ የሚቆለፍ፣ አንዱ ግማሽ ዙር የሚዞር። ሕንፃውን የሠራው ሰው ከገበያ ያገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ከመኪናው ቱቦ ጋር ይገጥም እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ካልገጠመ ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር አሠርታችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ።

ደቻቱ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:00

ይህ ሁሉ ግን የሰለጠነው ዓለም ላይ በደንብ ይሠራል? ወይስ እነሱም እንደኛ ናቸው?

የድሮ ቱቦ ያዥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:50

እነሱም ዋጋ ከፍለው ነው የተማሩት። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባል ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ 22ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሳ። ቧንቧ ነበረው። ፓምፕ ነበረው። ግን በየፎቁ መክፈቻ ላይ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ተገጥሞ ነበር፣ እሱም ከሚገባው በታች ተስተካክሎ ነው የተቀመጠው። እሳት አጥፊዎቹ ሲገጥሙ ደካማ ውሃ ወጣላቸው። መብራትም ጠፋ፣ የመጠባበቂያው ጀነሬተርም አልሠራም። በደረጃ ወፍራም ቱቦ እስከዚያ ከፍታ መጎተት ግድ ሆነ። 3 እሳት አጥፊዎች ሞቱ። እሳቱ በመጨረሻ የቆመው 30ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እዚያ በኮርኒሱ ውስጥ በራሱ የሚረጭ ስፕሪንክለር ስለነበረ። 10 ያህል የስፕሪንክለር ራሶች 8 ፎቅ የበላውን እሳት አቆሙት።

እንግሊዞች የላይኛው ፎቅ ወለሉ ከ18 ሜትር በላይ ለሚደርስ ሕንፃ ቋሚ ቧንቧ ይጠይቃሉ፣ ከ50 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ውሃ የሞላበት። ደረቁን በየ6 ወሩ በዓይን ያዩታል፣ በዓመት አንዴ ውሃ ገፍተው ይፈትሹታል። የከዚራው ልጅ፣ የእናንተን ቧንቧ ከተሠራ ወዲህ ማን ፈተሸው? ይህን ኮሚቴውን ጠይቅ። ጥያቄው እሳት ለማጥፋት ለሚመጡት ልጆችም ነው። ፌስታል እየጎተተ የቆመው ልጅ እናት አለችው።

የከዚራ ነዋሪ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። ማንም አልተከራከረም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሐሙስ ከ6ኛ ፎቅ ጀምረን ወደ ታች ወረድን። ከ6 መክፈቻ 3ቱ ክፍት ነበሩ። አንዱ እጀታው የለም። 4ኛ ፎቅ ላይ ያለው ፊት ለፊቱ የጫማ መደርደሪያ ተደርጎበት ቫልቩ አይታይም ነበር። ባለቤቷ በዚያው ቀን አነሱት። ኮሚቴው አዋጥቶ ሳኒተሪ ሠራተኛ አመጣን። ሁሉም ተዘጋ፣ እጀታ ተገጠመ፣ በየአንዳንዱ ላይ በቀይ የፎቁ ቁጥር ተጻፈ። የታችኛው አፍ ክዳን የፕላስቲክ ሆነ፣ በሰንሰለት ታስሯል። ነሐስ ስላልሆነ ቁራሌው አይገዛውም።

ዛሬ ጠዋት እሳት አደጋዎቹን ጠይቀን ለልምምድ መጡልን። የነሱ ማያያዣ ከኛ ጋር አልገጠመም። ሳኒተሪ ሠሪው ያልከው ነገር ነው። ከመኪናው ውስጥ አዳፕተር ፈልገው አገኙ፣ እኛም አንድ እናሠራለን። ከዚያ ውሃ ለቀቁ። መጀመሪያ ከላይ አየሩ እያፏጨ ሲወጣ ይሰማ ነበር፣ ከዚያ ጸጥ አለ። እኔ 6ኛ ፎቅ ቆሜ ነበር። ቱቦው መጀመሪያ ጨርቅ ይመስላል፣ ከዚያ በአንዴ እንደ እንጨት ደረቀ። ታች 9 ባር ሲገፉ ላይ ውሃው እየፈሰሰ የግፊት መለኪያው ጌጅ 7 አሳየ። በጣሪያው በር ወደ ጓሮው ረጩት፣ ልጆች ታች ሆነው ይጨፍራሉ። 4ኛ ፎቅ ላይ ያለው መክፈቻ ላስቲኩ አርጅቶ ይንጠባጠባል፣ ሰኞ ይቀየራል።

ሮቶውን ደግሞ በወገቡ ማውጣት ተስማምተናል። ፓምፑ ገና ነው፣ ገንዘቡ ከበድ ይላል።

የሳቢያን እናት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:00

ደስ ሲል! የጣሪያው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው ግን?

የከዚራ ነዋሪ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:06

እስከ ትናንት አንድ ሰው ጋ ብቻ ነበር፣ እሱም አዲስ አበባ ይመላለሳል። ዛሬ 3 አስቀረጽን። አንዱ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ 6ኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በራቸው ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅለውታል።

የድሮ ቱቦ ያዥ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:15

ተባረኩ። ከ6 ወር በኋላ እንደገና ክፈቱት። ቀኑን አሁኑኑ ሳጥኑ ላይ ጻፉ።

የከዚራ ነዋሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:22

በማርከር ጻፍኩት ጋሼ። ቀለሙ ፀሐዩን እንዲችል ነገ በቀለም እደግመዋለሁ።